የመኪናዋ ምርቃት

በዚያ ሳምንት አሰገደች አድነው የደነገጠችው ድንጋጤ ለሰፈር ቢታደል ለሁሉም ይዳረስ ነበር። የመጀመሪያው የመጣባት ሐሙስ ማታ እራት ላይ ነው። ባሏ ብርሃነመስቀል እንጀራውን እየጠቀለለ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ፣ «የመኪናዋን ሂሳብ ዛሬ ከፈልኩ» አላት።

«እሰይ! ከባንክ አስተላለፍክላቸው?»

«ናይ» አለ፣ አይ ለማለት በኖርዌጅኛ። «በካርዷ ነው የከፈልኩት።»

«በየትኛዋ ካርድ?»

ከሸሚዝ ኪሱ መዘዝ አድርጎ አሳያት። ያቺው ወተትና የሽንት ቤት ወረቀት የሚገዙባት ክሬዲት ካርድ ናት። አሰገደች ልትጎርሰው ያነሳችው እንጀራ እጇ ላይ ቀረ። ጊዜው በፈረንጆቹ 2008 መገባደጃ ነው፤ ዜናው ሁሉ በየአገሩ ስለሚወድቁ ባንኮች ነበር። በዚህ ሰዓት ሰው መኪና የሚያህል ነገር በዚያች ስስ ላስቲክ ይገዛል?

«ተበደርን እንዴ?»

«ምን በወጣን! ያጠራቀምነውን መጀመሪያ ካርዷ ላይ ሞላሁት፤ ከዚያ በካርዷ ከፈልኩ። የአንድ ክሮነር ዕዳ የለብንም። እንኳን አንቺ፣ ሻጩም ክው ብሎ ነው የቀረው። ‹መኪናውን በሙሉ?› አለኝ። ‹ከነጎማው› አልኩት።»

ልጃቸው ኤልሮኢ በሳቅ ፈረሰች። አሰገደች ግን ሳቁ አልመጣላትም።

«ገንዘቡ ባንክ ካለ ከባንኩ መላክ ነው እንጂ፣ በካርድ ማዞሩ ለምን አስፈለገ?»

«ምክንያት አለኝ። ሰኞ መኪናዋን ስንረከብ ታውቂዋለሽ» አለና ጠቀሳት።

ብርሃነመስቀል ምክንያት አጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ የኦስሎን ሕዝብ በአውቶቡስ ሲያመላልስ ይውልና ወደ ቤቱ በእግሩ ይመለሳል፤ የራሱ አሮጌ መኪና በጸደይ ወር ዳገት ላይ ሞታበታለች። ያን ጊዜ ነው «ሁለተኛ የሰው ጥራጊ አልገዛም፤ ሰው ያልተቀመጠባት፣ የወንበሯ ላስቲክ ያልተነሳ ነው የምገዛው» ብሎ የማለው። የግዢው ውል የተፈረመው ግን በአሰገደች ስም ነው። «መንጃ ፈቃድ ስታወጪ ያንቺው ናት» ብሏታል። ካርዷም ብትሆን የአሰገደች ናት፤ ባንኩ ቋሚ ሥራ ያለው ሰው ሲጠይቅ ቋሚ የነበረችው እሷ ስለሆነች በስሟ ወጣች፣ ለሱ ደግሞ ተጨማሪ ካርድ ተሰጠው። እንግዲህ መኪናውም ካርዱም በወረቀት የሷ ናቸው፤ እሷ ግን ፊርማዋን ከማኖር በቀር የነካችው ነገር የለም። ይህ ነገር ኋላ ጉድ ማፍላቱ አልቀረም።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ሰውዬው የካርድ አመል አውጥቷል። ግሮንላንድ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ሰብሰብ ብለው በልተው ሂሳብ ሲመጣ፣ እንደ ወጉ «በሞቴ እኔ ልክፈል! ተው እንጂ!» እየተባለ እጅ ለእጅ ይታገላሉ። ብርሃነመስቀል ትግሉን ሁሌም ያሸንፍና በካርዷ ይከፍላል። እስከዚህ ድረስ ምስጉን ባል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሐበሻ አድርጎት የማያውቀውን ያደርጋል፤ ጠረጴዛውን እየዞረ ከየሰዉ ድርሻውን በጥሬ ገንዘብ ይለቅማል። የሥራ ባልደረባው ግርማ «ገንዘብ ያዥ» የሚል ስም አወጣለት። አሰገደች ይህን ባየች ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። «ምን ነካው? ሲያረጅ ነው እንዴ ንፍገት የሚጀምረው?» ትላለች ለራሷ።

ዝም የምትለው የሷ ልብ ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው። አባቷ አቶ አድነው ደብረ ሲና ከታላቅ እህቷ ከእታገኘሁ ጋር ይኖራሉ። ጆሯቸው ስልክ እምቢ ካለ ሁለት ዓመት ሆነው። ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ፣ እጁን ጉልበታቸው ላይ ጥሎ፣ ቀኝ ጆሯቸው ሥር ለሚናገራቸው ሰው ይሰማሉ፤ በስልክ ግን ምንም። እሁድ እሁድ እታገኘሁ ስልኩን ስታቀብላቸው «አለሽ? አሰገደች፣ አለሽ?» ይላሉ። «አለሁ አባባ! አለሁ!» ብላ ጎረቤት እስኪሰማ ትጮሃለች። እሳቸው ትንሽ ጠብቀው «ዛሬም የለችም» ይሉና ስልኩን ለእታገኘሁ ይመልሳሉ።

ይቺ «የለችም» የምትባል ቃል ሳምንቱን ሙሉ አሰገደች ደረት ላይ ተቀምጣ ትከርማለች። መፍትሔው ሄዶ ማየት እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም። የሦስት ሰው ቲኬት ሲታሰብ ግን መጀመሪያ የቤቱ ጣጣ ቀደመ፣ ቀጥሎ የኤልሮኢ ትምህርት፣ ቀጥሎ ደግሞ መኪናዋ። ጉዞው ሁሌ «ለከርሞ» እየተባለ ያድራል። አባባ ደግሞ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፤ ብዙ ከርሞ የላቸውም።

ሁለተኛው ድንጋጤ የመጣው በማግስቱ ነው።

አሰገደች የምትሠራው ሲከየም ውስጥ፣ ማለትም አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ዓርብ ዓርብ አረጋውያኑ የጥያቄና መልስ ውድድር አላቸው፤ ነጥብ የምትመዘግበው እሷ ናት። «ቶ ፖኤንግ ለአስትሪድ!» ብላ ስትጮህ አሮጊቶቹ ያጨበጭባሉ። ነጥብ በኖርዌጅኛ ፖኤንግ መባሉን በዚህ ነው የተማረችው፤ ቃሉንም እንደ አገሬው አሳምራ ትለዋለች። በዚያም ዓርብ አስትሪድ አሸንፋ፣ እሷም ደስ ብሏት ቶየን ወዳለው ቤቷ ተመለሰች። በሩን ከፍታ ስትገባ ብርሃነመስቀል በረንዳው ላይ ቆሞ በስልክ ያወራል፤ መግባቷን አላየም።

«ነጥቡ ሞላ እኮ፣ ግርማ! ... አዎ፣ አዎ፣ ሞላ ስልህ! በአንዲት መኪና! ... ኧረ አሰገደች አታውቅም። እንዳያመልጥህ፣ አደራ! ሰኞ እኔው ራሴ ነኝ የምነግራት። ... ትደነግጣለች እንጂ፣ እንዴት አትደነግጥ? ... ከእንግዲህማ መንዳት ምን ያደርግልኛል፣ በረርኩ በለኛ!»

አሰገደች አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ባዶውን እንደሆነ ኮሪደሩ ላይ ዘጭ አለች።

ለሹፌር ሚስት «ነጥብ ሞላ» ማለት ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን ይነገር። ሹፌር ከልክ በላይ ሲነዳ ወይም ቀይ መብራት ሲጥስ መንጃ ፈቃዱ ላይ ነጥብ ይቆጠርበታል። ስምንት ሲሞላ መንጃ ፈቃዱን ለስድስት ወር ይነጠቃል። ብርሃነመስቀል አምና ለሠርግ ወደ ትሮንሃይም ሲነዳ ተይዞ ጥቂት ነጥብ እንደነበረበት አሰገደች ታውቃለች። አሁን ነገሩ ሁሉ በጭንቅላቷ ውስጥ ግጥም አለ። አዲሷን መኪና ለሙከራ ሰጥተውት በሯል! ራሱ «በረርኩ» ብሏላ! ነጥቡ ሞልቷል። አውቶቡስ የሚነዳ ሰው መንጃ ፈቃድ ከሌለው ሥራም የለውም።

ሐብታሙ ትዝ አላት። እሱም የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ እሱም አምና ነጥቡ ሞላበት። ለሚስቱ መንገሩ አሳፍሮት በየጠዋቱ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ምሳውን ቋጥሮ ከቤት ይወጣና ቶየን አደባባይ አግዳሚ ወንበር ላይ ይውላል። ሚስቱ አንድ ቀን ገበያ ስትወጣ አየችው። እዚያው ሰው መሀል ጮኸችበት፤ በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ ቤርገን ገባ፣ አልተመለሰም። የሰዉ ሁሉ ፍርድ «ባትጮህበት ኖሮ» የሚል ነበር።

«እኔ አልጮህም» አለች አሰገደች ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች። «ቃል አይወጣኝም።»

ብርሃነመስቀል ከበረንዳው ገባ። «ምነው እዚህ ተቀመጥሽ?»

«ደክሞኝ ነው።»

ግንባሯን ሳማት፤ ቦርሳውን አነሳና እያፏጨ ወደ ማታ ሥራው ወጣ። ያፏጫል! ሰው እንዲህ ያለ መዓት ወርዶበት ያፏጫል? ድንጋጤው አእምሮውን ሳይነካው አልቀረም ብላ አዘነችለት፤ ከልቧ አዘነችለት። ከዚያ ማሰብ ጀመረች። እሱ ለስድስት ወር የማይነዳ፣ እሷ መንዳት የማታውቅ፤ መኪናዋ ለማን ነው? ያ ሁሉ ገንዘብ ጎዳና ላይ ቆሞ በረዶ ሊለብስ ነው? ደሞዝ ሲቀር ምን ሊበላ ነው? መኪናዋ የምትመጣው ሰኞ ነው። እስከ ሰኞ አንድ ቅዳሜ አለ፤ ውሉ ደግሞ በሷ ስም ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ብርሃነመስቀል ሥራ እንደሄደ፣ የእሁድ ነጠላዋን ደርባ ከቶየን ባቡር ተሳፈረችና ግሮሩድ ወረደች። የመኪና መሸጫው ከጫካው ጥግ ነው። ሻጩ ኦድቫር ቀይ ፊት ያለው፣ ደግ የሚመስል ሽማግሌ ነው፤ ውሉን ስትፈርም አይቷታልና ወዲያው አወቃት። ባቡር ውስጥ ስታጠናው የመጣችውን ኖርዌጅኛ ሳትውጠው በፊት ቶሎ አወጣችው።

«ባለቤቴ ብዙ ፖኤንግ አገኘ» አለችው።

የኦድቫር ፊት በራ። «ግራቱሌረር!» ብሎ እጇን ጨበጣት። እንኳን ደስ ያላችሁ ማለቱ ነው።

አሰገደች ክው አለች። ሰው መንጃ ፈቃዱን ሲነጠቅ እንኳን ደስ ያለህ የሚባልበት አገር ነው የምኖረው? ለዚህ ሕዝብ ነው አሥራ አንድ ዓመት ሽማግሌዎቹን ያጠብኩት?

«ሐሙስ ለት ሲነግረኝ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር!» አለ ኦድቫር።

ለሻጩ ነግሮታል! ለሚስቱ የደበቀውን ለመኪና ሻጭ፣ ያውም እየተደሰተ! ጠጋ አለችው። «ከዚህችው መኪና ነው አይደል ያገኘው?»

«ያ» አለ፣ አዎ ማለቱ ነው፤ «ከዚህችው መኪና።»

«እንግዲያው እኔ ነጥቡን አልፈልገውም። መኪናዋንም አልፈልጋትም። ልመልሳት ነው የመጣሁት።»

ኦድቫር መነጽሩን አወለቀ። ይህን ያህል ዘመን መኪና ሲሸጥ ነጥብ አልፈልግም የሚል ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። ደግነቱ፣ ወይም ክፋቱ፣ ያንኑ ዓይነት ብርማ መኪና የሚፈልግ ሌላ ሰው ከጠዋት ጀምሮ እየደወለ ሲለምነው ነበር። ስለዚህ አልተከራከራትም። ቅጣትም አልጠየቃትም። ገንዘቡ ወደ ካርዷ እንደሚመለስ ነገራትና ወረቀቱን ከማስፈረሙ በፊት አንድ ነገር ሊያስጠነቅቃት ፈለገ።

«ይህን ግን እወቂው። መኪናው ሲመለስ ፖኤንጎቹም አብረው ይሰረዛሉ።»

አሰገደች ጆሮዋን አላመነችም። «ይሰረዛሉ? በሙሉ?»

«በሙሉ። ዴስቬረ» አለ፤ ያሳዝናል ማለቱ ነበር። አሰገደች ግን «በሙሉ» ከሚለው ወዲያ የሰማችው ነገር የለም።

እንዴት ያለ አገር ነው! ነገሩን ስታሰላስለው ደግሞ ልክ መጣላት። ባዶ ጠርሙስ ሲመልሱላት ሳንቲም የምትመልስ አገር፣ መኪና ሲመልሱላት ነጥብ ብትመልስ ምን ይገርማል? ጥፋቱ የተሠራባት መኪና ከተመለሰች ጥፋቱም ይመለሳል። ፍትህ ማለት ይሄ ነው! በሁለት እጇ የኦድቫርን እጅ ይዛ፣ ዝቅ ብላ፣ እንባዋ እየወረደ አመሰገነችው፤ በአማርኛም መረቀችው። ሰውዬው ነጥብ በመነጠቋ እንዲህ የምታመሰግነውን ሴት እስከ በሩ ሸኝቶ፣ እስክትርቅ ድረስ ቆሞ አያት።

ስትመለስ ግሮንላንድ ወርዳ የበግ ሥጋ ገዛች። ቤት ገብታ ጥብሱን ስትሠራ ዘፈን ሁሉ ከጀላት። ብርሃነመስቀል አመሻሹ ላይ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ በጥብስ ሽታ ታውዷል። ሦስቱም ማዕድ ቀረቡ። አሰገደች ሁለት ጊዜ አጎረሰችው፤ ለሚያዝኑለት ሰው እንደሚደረገው፣ ትልልቁን።

«ብርሃኔ» አለችው፣ «ሁሉን ሰምቻለሁ። አትጨነቅ። ሰው ነህ፣ ያጋጥማል። እኔ አልጮህብህም።»

«ምኑን ነው የሰማሽው?» አለ አፉ እንደሞላ።

«ነጥቡን ነዋ! ከግርማ ጋር ስታወራ። አሁን ግን አልቋል፤ ጨርሼልሃለሁ። በሙሉ ተሰርዟል። መንጃ ፈቃድህን ማንም አይነካህም።»

ማኘኩን አቆመ። «ነጥቡ ተሰረዘ? ማን ሰረዘው?»

«እኔ! መኪናዋን መለስኳት!»

ብርሃነመስቀል ብድግ አለ። ቆሞ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ መልሶ ተቀመጠ። የሰው ፊት እንዲህ አመድ ሲሆን አሰገደች ያየችው አንድ ጊዜ ሲከየሙ ውስጥ ነው፤ ያን ቀን አምቡላንስ ተጠርቷል።

«መኪናዋን... መለስሽ?»

«ደስ አላለህም?»

ኤልሮኢ ዓይኗን ከአባቷ ወደ እናቷ እያመላለሰች ቆይታ እጇን እንደ ተማሪ አነሳች። «ማማ፣ ቬንት። ቆይ። ሻጩን ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽው? ፖኤንግ ነው ያልሽው ወይስ ፕሪከር?»

«ፖኤንግ ነዋ። ነጥብ።»

«ናይ፣ ማማ! የመንጃ ፈቃዱ እኮ ፖኤንግ አይባልም፤ ፕሪከር ነው የሚባለው! ፖኤንግ የካርዱ ነው። በካርዱ ዕቃ ስትገዢ ይሰጡሻል፣ ሲጠራቀም በአውሮፕላን ትሄጂበታለሽ።» ከዚያ ቀስ ብላ ወደ አባቷ ዞረች። «ፓፓ... አውሮፕላን ነበር እንዴ?»

ብርሃነመስቀል በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ሦስት ቲኬት» አለ። «ለደብረ ሲና። ለገና። ሰኞ ከመኪናዋ ቁልፍ ጋር ልሰጥሽ ነበር።»

አሰገደች ይህን ሁሉ የሰማችው ከሩቅ እንደሚጮህ ድምፅ ነው። አንድ ለናቱ በሆነ አማርኛ «ነጥብ» ስትል የኖረችው ነገር ለካ ሁለት ኖሯል፤ አንደኛው ከሥራ የሚያስወጣ፣ ሌላኛው አባቷ ዘንድ የሚያደርስ። እሷ የመጀመሪያውን ልታጠፋ ሄዳ ሁለተኛውን አጠፋች፤ በገዛ እጇ ፈረመች፣ አመስግናም መጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ዋይ አለች።

«ሦስት ዓመት!» አለ ብርሃነመስቀል። «ሦስት ዓመት ሙሉ ግርማ ‹ገንዘብ ያዥ› እያለ ሲያላግጥብኝ የቻልኩት ለምን ይመስልሻል? በሰው ሽሮ ሁሉ ነጥብ ስለቅም የኖርኩት? የጎደለውን መኪናዋ ሞላችው ብዬ... ሰው አይጠይቅም እንዴ፣ አሰገደች?»

«አንተስ? ሰው አይነግርም?»

«ላስደስትሽ ነዋ!»

«እኔስ ላድንህ አይደል!»

ኤልሮኢ ልትስቅ ነበር፤ የሁለቱን ፊት አይታ ተወችው።

እናቷ ስታለቅስ ማየት አባቷን ሁሌም ያሸንፈዋል። ብርሃነመስቀል ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ። «በቃ፣ ተይው» አላት። «የድሮዎቹ ነጥቦች አሉ፤ እነሱ ቤርገን ቢያደርሱን ነው። ግን ሌላ መኪና እንፈልጋለን፣ በካርዷ እንከፍላለን፣ ነጥቡ እንደገና ይሞላል። አዲስ መኪና ግን አሁን ብታዢ ወራት ይፈጃል። ለገና አይደርስም። ለከርሞ...» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «የሚቆጨው ምኑ መሰለሽ፣ በነጻ ነበር እኮ። መኪናዋን ስንገዛ የተመረቀልን ነበር።»

አሰገደች ማልቀሷን አቆመች። ነጠላዋን ከአፏ አነሳች።

«ምን አልክ?»

«ምርቃት ነበር እልሻለሁ። ገበያ ‹መርቂልኝ› ብለሽ እንደምታስጨምሪው።»

አሰገደች ያንን ገበያ ታውቀዋለች። ቲማቲሙ ተመዝኖ ካለቀ በኋላ «ኧረ መርቂልኝ!» ይባላል፤ ሻጪዋ አንዲት አንሥታ ጣል ታደርጋለች። የምትጨመረው ደግሞ ምንጊዜም ያቺ ማንም ያልመረጣት፣ ጥግ የተጨማደደችዋ ናት።

«ብርሃኔ፣ ገንዘቡ አሁን የት ነው ያለው?»

«ካርዷ ላይ ተመልሷል፣ ወይም ይመለሳል።»

«በሙሉ?»

«በሙሉ።»

«ሦስት ቲኬት ከመኪናዋ ምን ያህሉ ይሆናል?»

ብርሃነመስቀል ጣሪያውን አየ። «እንግዲህ... አንድ በሯን ቢሆን ነው። ከነመስታወቷ።»

«አንድ በሯን» አለች አሰገደች። ከሳምንቱ ድንጋጤ ሁሉ የባሰው አሁን መጣባት፤ ይሄኛው ደግሞ በማንም የሚላከክ አልነበረም። ገንዘቡ ነበረ። ትላንት አልመጣም፤ ለወራት፣ ምናልባትም ለዓመታት እዚያው ባንክ ተቀምጦ ነበር። እሷም አብራ ነው ያጠራቀመችው። እሁድ እሁድ «አለሁ! አለሁ!» እያለች ስትጮህ አንድ ቀንም ያ ገንዘብ ወደ አባቷ የሚያደርስ ገንዘብ መሆኑ ትዝ ብሏት አያውቅም። የመኪና ገንዘብ ነበራ።

«አባቴን ማየት በነጻ ካልሆነ አይቻልም ብለን ነው ማለት ነው የኖርነው» አለች፤ ድምፅዋ አልጮኸም። «ብርሃኔ፣ አባቴ የመኪና ምርቃት ነው? መኪናዋ ተመዝና ካለቀች በኋላ የሚጣልልኝ ነው?»

ብርሃነመስቀል ምክንያት ፈለገ። በጋብቻ ዘመናቸው ምክንያት ሲያጣ አሰገደች ያየችው ያን ቀን ነው። እጁን ሸሚዝ ኪሱ ከተተና ካርዷን አውጥቶ፣ ጥብሱን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ኤልሮዬ» አለ፣ «ያቺን ኮምፒውተርሽን አምጪ።»

ለመፈለግም ለመክፈልም ብዙ ጊዜ አልወሰደም፤ ያ ሁሉ ዓመት የተጠበቀ ነገር እንዲህ በቀላሉ ማለቁ ራሱ አንድ ድንጋጤ ነው። ብርሃነመስቀል የካርዷን ቁጥር አነበበ፣ ኤልሮኢ ጻፈች። ሲያልቅ አመል ሆኖበት «ቲኬቱ ራሱ እኮ ነጥብ አለ...» ብሎ ጀመረና የሚስቱን ዓይን አይቶ እዚያው ላይ ዋጠው።

አሰገደች ስልኳን አነሳች። እሁድ አልነበረም፤ እታገኘሁ ደንግጣ አነሳችው። «ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ለገና ልንመጣ ነው። ቲኬት ቆረጥን፤ ሦስታችንም።»

እታገኘሁ እልል አለች። ስልኩን ሳትዘጋ፣ እየሮጠች፣ ወደ ቀኝ ጆሯቸው ስትጮህ እዚህ ኦስሎ ድረስ ተሰማ። «አባባ! አባባ! አሰገደች ልትመጣ ነው!»

«ማ?»

«አሰገደች! ስልክ ላይ ናት!»

ከዚያ ያ የምታውቀው፣ በየእሁዱ «የለችም» የሚለው የአባቷ ድምፅ፣ በመገረም፣

«አለች እንዴ?» አለ።

አሰገደች ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። እንደማይሰሙዋት ታውቃለች። ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጮህ፣ አጠገባቸው እንደተቀመጠች ያህል ቀስ ብላ፣ «አለሁ፣ አባባ» አለቻቸው።